የመኪና ወንበር አልንቀሳቀስ ሲል፣ አልሞቅ ሲል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ብርዱ ሲጀምር ስልኬ እረፍት የለውም። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ሥራዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው። ከሚደውሉልኝ ሰዎች አብዛኞቹ ቀኑን ሙሉ መሪ ይዘው የሚውሉ የእኛ ልጆች ናቸው። ኡበርና ሊፍት የሚሠሩ፣ ታክሲ የሚነዱ፣ ሌሊት አድረው ሲወጡ በረዶ ከመስታወት ላይ የሚፍቁ ነርሶች። ለእነሱ ወንበር ቅንጦት አይደለም። አሥር ሰዓት የሚቀመጡበት ነው፤ ወገባቸው የሚያርፈውም የሚታመመውም እዚያው ላይ ነው።

ጥያቄዎቹ ስለሚደጋገሙ አንዴ ጽፌ ላስቀምጣቸው ብዬ ነው። አንድ ነገር ከወዲሁ ያዙልኝ። አብዛኛው ብልሽት ያለው ውዱ ዕቃ ውስጥ ሳይሆን ወንበሩ ሥር ነው፤ ሽቦው፣ ሶኬቱ፣ ግራውንዱ (ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት ማያያዣ) ላይ። ሞተር ወይም ሞጁል (ወንበሩን የሚቆጣጠረው ትንሽ ኮምፒውተር) ይገዛ ከመባሉ በፊት የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ጎንበስ በሉና እዩ።

ወንበሬ ጭራሽ አልንቀሳቀስ አለ። ከየት ልጀምር?

ከጆሯችሁ ጀምሩ። ሬዲዮውንና ማራገቢያውን አጥፉ። በሩን ክፈቱና የጣሪያው መብራት ይብራ። አሁን የወንበሩን ማብሪያ ተጫኑና መብራቱን እዩት። ትንሽ ደብዘዝ ካለ ኤሌክትሪኩ ሞተሩ ጋ ደርሷል፤ ሞተሩ መዞር ፈልጎ አቅቶታል ማለት ነው። ወይ ሀዲዱ ላይ የሆነ ነገር ተሰንቅሯል፣ ወይ ማርሹ ተቆልፏል። መብራቱ ንቅንቅ ካላለ፣ ድምፅም ከሌለ፣ ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ ቀርቷል። አዳዲሶቹ መኪኖች ላይ መብራቱ ኤልኢዲ ስለሆነ መደብዘዙ ላይታያችሁ ይችላል፤ ያኔ በድምፁ ብቻ ፍረዱ።

ቀጥሎ ወንበሩ ሥር እዩ። ከሰው መኪና ሀዲድ ውስጥ ያወጣሁትን ብዘረዝር አያልቅም፤ ሳንቲም፣ እስክሪብቶ፣ የጠርሙስ ክዳን፣ የልጅ መጫወቻ፣ ጥርሱ ላይ የተጠመጠመ የቻርጀር ገመድ። አንዱ ሹፌር ሞተሩ ካልተቀየረ አይሠራም ተብሎ፣ ዋጋም ተነግሮት ተክዞ መጣ። ያወጣሁለት አንድ ኳርተር፣ የ25 ሳንቲም ፍራንክ ነው። እሱን ካወጣሁ በኋላ ወንበሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ።

ከሥር የሚታይ ነገር ከሌለ አንድ ቀላል ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ፦ የሞተው አንዱ ወንበር ነው ወይስ ሁለቱም? ሁለቱም አንድ ላይ ከሞቱ ችግሩ የሚጋሩት ነገር ላይ ነው፤ ፊውዝ፣ ሪሌይ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ)፣ ወይም ዋናው መስመር። አንዱ ብቻ ከሞተ የራሱን ፊውዝ፣ ሶኬትና ግራውንድ ተከተሉ። አንዱ ወንበር ላይ ሁሉም እንቅስቃሴ በአንዴ ቆሞ ከሆነ ሞተሮቹ ሁሉ በአንድ ቀን ሊሞቱ አይችሉም። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሾፌር ወንበር ሦስት ወይም አራት ሞተር አለው፤ አንዱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ አንዱ ለጀርባው፣ ሌሎቹ ለከፍታ። አራቱም አብረው ከጠፉ ኤሌክትሪኩ ወንበሩ ጋ አልደረሰም። አንዱ እንቅስቃሴ ብቻ ከቀረ ደግሞ በተቃራኒው የዚያን ሞተር፣ የእሱን ሽቦ ወይም የማብሪያውን አንድ ክፍል ጠርጥሩ።

ፊውዙን ስትፈልጉ የመኪናውን መጽሐፍ ክፈቱ፤ በግምት አትንቀሉ። የወንበር ሞተርና የወንበር ማሞቂያ ብዙ ጊዜ ለየብቻ ፊውዝ አላቸው፤ የሞተሩ ትልቅ ነው፣ 30 አምፔር አካባቢ የተለመደ ነው። አንዳንድ መኪና ላይ በፊውዝ ፋንታ ሲሞቅ የሚቆርጥ፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ የሚያገናኝ ብሬከር ነው ያለው። ወንበሩ ትንሽ ሄዶ ይቆምና ከትንሽ ደቂቃ በኋላ ደግሞ ከሠራ እሱ ነው ሥራውን እየሠራ ያለው። ብሬከሩ አልተበላሸም። ሞተሩ ከባድ ነገር እየገፋ ስለሆነ የሚገታውን ፈልጉ።

ማብሪያውን ስጫን ሞተሩ ይጮሃል፤ ወንበሩ ግን አይሄድም።

ሞተሩ ጤነኛ ነው። ኃይሉ ነው ወንበሩ ጋ ያልደረሰው። በብዙ ወንበሮች ሞተሩ መሀል ላይ ይሆንና በቀጫጭን ተጣጣፊ ገመዶች ነው ግራና ቀኝ ያሉትን ማርሾች የሚያዞረው። የገመዱ ጫፍ አራት ማዕዘን ነው፤ ሲያረጅ ይከብና ባዶውን መዞር ይጀምራል። ወይም ፕላስቲኩ ማርሽ ጥርሱ ይረግፋል።

አንዱ ጎን ሄዶ ሌላው ከቀረ ወንበሩ ይንጋደዳል። ያኔ እየደጋገማችሁ አትጫኑት፤ ሀዲዱ ይጣመማል፣ ትንሽ የነበረው ሥራ ሙሉ ሀዲድ መቀየር ይሆናል።

ወደ ፊት ይሄዳል፤ ወደ ኋላ ግን አልመለስ አለ።

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ መልሱ ገንዘብ ያድናል። የወንበር ሞተር ሁለት ሽቦ ብቻ ነው የሚፈልገው። ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ቦታ ሲቀያየሩ በተቃራኒው ይዞራል። የሚያቀያይረው ማብሪያው ነው፤ አዳዲሶቹ ላይ ደግሞ ሞጁሉ። ስለዚህ በአንድ አቅጣጫ የሚዞር ሞተር አልተቃጠለም። መጀመሪያ ጫፉ ላይ የሚገታው ዕቃ አለመኖሩን አረጋግጡ፤ ከዚያ ማብሪያውን ጠርጥሩ።

ማብሪያው የሚበላሽበት ምክንያት ደግሞ ቀላል ነው። በወንበሩና በበሩ መካከል ስላለ ቡናው፣ ለስላሳው፣ የዝናቡ ውሃ እዚያ ነው የሚገባው። ንክኪዎቹ ይጠቁራሉ። የኤሌክትሪክ ንክኪ ማጽጃ ስፕሬይ አንዳንዴ ይመልሰዋል። ካልመለሰው ማብሪያውን ቀይሩ፤ ከሞተር በጣም ይረክሳል፣ ለማውጣትም ከባድ አይደለም።

ፊውዙን ቀየርኩት፤ ወዲያው ተቃጠለ። ትልቅ ቁጥር ላድርግበት?

በፍጹም! ፊውዙ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። 15 በተጻፈበት 30 ከሰካችሁ ቀጥሎ የሚነደው ምንጣፉ ሥር ያለው ሽቦ ነው፤ እላዩ ላይ ደግሞ እናንተ ተቀምጣችኋል። በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልሎ መሰካትም ያው ነው። ይህን ያደረገ መኪና ከፍቼ አይቻለሁ፤ ሽቦው ልባሱ ቀልጦ ስፖንጁን አጥቁሮታል።

ፊውዙ ወዲያው የሚቃጠል ከሆነ የሆነ ቦታ ላይ ሽቦው ተልጦ ከብረቱ ጋር ተነካክቷል። ወንበሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር አብሮት የሚሄድ የሽቦ ጥቅል አለ፤ ማሰሪያው ሲላቀቅ በሀዲዱና በወንበሩ ብረት መካከል ይገባና ይቆረጣል። መጀመሪያ እዚያ እዩ። የተላጠውን አገናኝታችሁ፣ በሙቀት የሚሸመቀቅ ልባስ አልብሳችሁ፣ መልሳችሁ ቦታው ላይ እሰሩት። ናስትሮ ብቻ መጠቅለል እዚህ ቦታ ላይ አይበረክትም።

የማሞቂያው መብራት ይበራል፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ራሱ ይጠፋል። ለምን?

ሞጁሉ ችግር አይቶ ነው የዘጋው። የወንበር ማሞቂያ ሥራው ቀላል ነው፤ በስፖንጁና በቆዳው መካከል እንደ ኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ወይም የካርቦን ክር አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይሞቃል። አብሮት ሙቀቱን የሚለካ ትንሽ ሴንሰር አለ። ሞጁሉ ከሽቦው ወይም ከሴንሰሩ የሚጠብቀውን ንባብ ካላገኘ ይቆርጠዋል። መብራቱ ሳይጠፋ ሙቀት ብቻ ከሌለ ደግሞ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ መቆጣጠሪያ የሌለው አሮጌ ሥሪት ነው፤ ሽቦው ግን ያው ተበጥሷል።

በቴስተር፣ በኤሌክትሪክ መለኪያው፣ መለየት ይቻላል። ማሞቂያውን አጥፉ፣ የማሞቂያውን ሶኬት ንቀሉ፣ ሁለቱን ወፍራም ሽቦዎች በኦም ለኩ። ጤነኛ ማሞቂያ የሚያሳየው ጥቂት ኦም ብቻ ነው። ቴስተሩ ቁጥር ሳይሆን ኦ ኤል (OL) የሚል ጽሑፍ ካሳየ ሽቦው ተበጥሷል። ቀጫጭኖቹ ሽቦዎች የሴንሰሩ ናቸው፤ እነሱ ላይ በሺህ የሚቆጠር ኦም ብታዩ አትደንግጡ። ብዙዎቹ ሴንሰሮች ሲሞቁ ቁጥሩ ይወርዳል፤ እጃችሁን ወንበሩ ላይ አድርጋችሁ ቁጥሩ ቀስ ብሎ ሲቀንስ ካያችሁ ሴንሰሩ ደህና ነው። የምትለኩት የማሞቂያውን ሶኬት ብቻ ነው። ቢጫ ሶኬት ካያችሁ ቴስተሩን አታስጠጉት፤ ምክንያቱን ታች እነግራችኋለሁ።

ሽቦው ከሥር ከሶኬቱ ጀምሮ ደህና ከሆነ፣ ሶኬቱ ጋ ማሞቂያው በርቶ 12 ቮልት አካባቢ መድረሱን እዩ። ካልደረሰ ወደ ፊውዝ፣ ሪሌይና ማብሪያ ተመለሱ። ደርሶም ካልሞቀ ግራውንዱን ጠርጥሩ። ግራውንድ የሚፈተሸው እየሠራ ነው። የቴስተሩን አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ወንበሩ ግራውንድ ላይ አድርጉና ማሞቂያውን አብሩ። ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳያችሁ ብሎኑ ዝጓል ወይም ላልቷል። በዚህ አካባቢ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ከጫማ ጋር ገብቶ ምንጣፉ ሥር ይቀመጣል፤ ብሎኑን አረንጓዴ የሚያደርገው እሱ ነው። ፍቃችሁ አጥብቁት። ነገሩ በዚሁ ያለቀላቸው ስንት መኪኖች አሉ መሰላችሁ።

ጀርባው ይሞቃል፣ መቀመጫው አይሞቅም።

የላይና የታች ማሞቂያው ሁለት የተለያየ ምንጣፍ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው የታችኛው ነው፤ ሰው ስለሚቀመጥበት ብቻ ሳይሆን ሰው ስለሚንበረከክበት። ኋላ ወንበር ያለ ልጅ ለማሰር በጉልበት ወንበሩ ላይ መውጣት፣ የውሃ ካርቶን መወርወር፣ መሣሪያ ሳጥን ማስቀመጥ፣ ሁሉም ያን ቀጭን ሽቦ ይሰብሩታል። አንድ ቦታ ላይ ያለማቋረጥ የሚጫን የልጅ መቀመጫም ይጎዳዋል፤ ከልጅ መቀመጫ ሥር ማሞቂያ ማብራት ለልጁም ጥሩ አይደለም።

ለመቀየር የወንበሩ ልብስ መገፈፍ አለበት። ልብሱ ከስፖንጁ ጋር በትንንሽ የብረት ቀለበት ነው የተያዘው፤ ቀለበቶቹን በፒንሳ ቆርጦ አውጥቶ በአዲስ መመለስ ነው። የሾፌሩን ወንበር ትዕግሥት ያለው ሰው ይሠራዋል። የጎኑን ተሳፋሪ ወንበር ግን ለባለሙያ ተዉት። እዚያ ሥር ሰው ተቀምጧል አልተቀመጠም የሚለውን ለኤርባጉ የሚናገር ሴንሰር አለ፤ በአንዳንድ መኪና ከማሞቂያው ጋር አንድ ላይ ነው የተሠራው፤ ከተነካ በኋላም በማሽን መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ ያቃጥለኛል። ችግር አለው?

አጥፉት። አሁኑኑ። የሚሠራ ማሞቂያ ሙቀቱ እኩል ነው፤ የአንድ ሳንቲም ስፋት ያህል ቦታ ከለየ ሽቦው እዚያ ጋ ተጣጥፏል ወይም ግማሹ ተበጥሶ የቀረው ክር ሁሉን ጭነት ተሸክሟል። ሽታ ካለ፣ ልብሱ ላይ ቡናማ ምልክት ካለ፣ ፊውዙን ንቀሉና እስኪሠራ ድረስ አትመልሱት። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው ሳያውቅ ያበራዋል።

እዚህ ላይ ስለ እናቶቻችንና አባቶቻችን ልናገር። ስኳር ያለበት ሰው እግሩና መቀመጫው ላይ ስሜቱ ሊቀንስ ይችላል። እኛን ሲያቃጥለን ብድግ የምንልበትን እሱ ላይሰማው ይችላል። የአከርካሪ ጉዳት ያለበትም እንዲሁ። በአሜሪካ በወንበር ማሞቂያ ሦስተኛ ደረጃ ቃጠሎ የደረሰባቸው ሰዎች አሉ፤ ብዙዎቹ ሰውነታቸው የማይሰማቸው ነበሩ። ቆዳ በ44 ዲግሪ ሴልሺየስ እንኳ ለሰዓታት ከቆየ ይቃጠላል፤ እሳት አያስፈልገውም። እናቴ ከአገር ቤት የመጣች ጊዜ ብርዱን ስለማትችለው ወንበሯን በከፍተኛው አደርግላት ነበር። ስኳር እንዳለባት አውቃለሁ፤ ሥራዬም ይኸው ነው፤ ግን አንድ ቀን ጭኗ ላይ የቀላ ምልክት እስካይ ድረስ ሁለቱን አላገናኘኋቸውም። ደግነቱ ቶሎ አየነው። ከዚያ ወዲህ ስኳር ላለበት ተሳፋሪ ዝቅተኛውን ቁጥር፣ ለአምስትና ለአሥር ደቂቃ ብቻ፣ ከዚያ አጥፉ እላለሁ።

ወንበሩን ራሴ ማውጣት እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ቢጫውን ሶኬት ካከበራችሁት ብቻ።

ወንበሩ ሥር ከምታዩዋቸው ሶኬቶች ቢጫ የሆነው የኤርባግ ወይም የቀበቶ ማጥበቂያ ነው። ወንበሩ ጎን ውስጥ ኤርባግ አለ፤ የሚፈነዳው በትንሽ ኤሌክትሪክ ነው። ቴስተር በኦም ሲለካ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይልካል፤ ስለዚህ ቢጫው ላይ ቴስተር አይሰካም፤ መሞከሪያ መብራትም አይነካም።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍታችሁ የፊቶቹን ሁለት ብሎኖች ፍቱ፣ ወደ ፊት አምጥታችሁ የኋላዎቹን። በብዙ ቶዮታ 14 ቁጥር ቁልፍ ነው፤ በብዙ የአሜሪካ ሥሪት ኮከብ ራስ ያለው ነው። ከዚያ መኪናውን አጥፉ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ፣ ጠብቁ። ኤርባጉ ባትሪ ከተነቀለ በኋላም የሚጠቀምበት የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ አለው። ቶዮታ ቢያንስ 90 ሰከንድ ይላል፣ ሆንዳ 3 ደቂቃ፤ እኔ 10 ደቂቃ እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ ሶኬቶቹን ንቀሉ። ወንበሩ ውጭ እያለ ደግሞ ባትሪውን መልሳችሁ ቁልፉን እንዳትከፍቱ። ከከፈታችሁ የኤርባጉ መብራት ይበራል፤ ብዙ መኪኖች ላይ ያለ ስካነር አይጠፋም።

ወንበሩ ከባድ ነው፤ ሞተር ያለው ለአንድ ሰው አይሆንም። ሰው ጥሩ።

ወንበሩ ከቆመ እንዴት ብሎኑን እደርስበታለሁ? ባለቤቴ ደግሞ አጭር ናት፣ ፍሬን አትደርስም።

ፍሬን የማይደርስ ሰው በትራስ ተደግፎ መንዳት የለበትም። መኪናው እስኪሠራ ይቁም።

ወንበሩን ለማንቀሳቀስ መንገድ አለ። የሞተሩን ሶኬት ነቅላችሁ፣ ፊውዝ ባለው መሞከሪያ ገመድ ከባትሪ 12 ቮልት በቀጥታ ለሞተሩ ሁለት ወፍራም ሽቦዎች ትሰጣላችሁ። ወደማትፈልጉት አቅጣጫ ከሄደ ሁለቱን አቀያይሩ። ቀጫጭን ሽቦዎች ካሉበት አትንኳቸው፤ እነሱ ወንበሩ የት እንዳለ የሚቆጥሩ ናቸው። እግረ መንገዳችሁንም ምርመራ ሠራችሁ ማለት ነው፤ ሞተሩ በቀጥታ ከዞረ በሽታው ማብሪያው ወይም ሽቦው ነው፣ ካልዞረ ሞተሩ ራሱ ነው። በአንዳንድ ወንበሮች ሞተሩን ፈትቶ ማርሹን በእጅ ማዞርም ይቻላል። ሽቦ መለየት ካልቻላችሁ ግን ይህን አትሞክሩ፤ የሚያውቅ ሰው ጥሩ።

ጠዋት ጠዋት አይሞቅም፤ ትንሽ ስነዳ ይሠራል።

ባትሪውን አስመርምሩ። አዳዲስ መኪኖች ባትሪው ሲደክም መጀመሪያ የሚያጠፉት ለጉዞው የማያስፈልገውን ነው፤ የወንበር ማሞቂያ ከፊተኞቹ አንዱ ነው። ሙሉ የሆነ ባትሪ ቆሞ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ነው፤ የመኪናው ሞተር ሲሠራ 14 አካባቢ መሆን አለበት። ብዙ መኪና ላይ ማሞቂያው የመኪናው ሞተር ካልተነሣ ጭራሽ አይበራም፤ ይህ ብልሽት አይደለም። ሦስት መብራት በርቶ ከቆይታ በኋላ ወደ ሁለትና አንድ የሚወርድም እንዲሁ የተሠራው ነው።

ሚኒሶታና ዴንቨር ያላችሁ ደግሞ በጠንካራ ብርድ የሀዲዱ ቅባት ስለሚደድር ወንበሩ ቀስ ቢል አይግረማችሁ። አሮጌውን ቅባት ጠርጎ አዲስ መቀባት ይረዳል።

ተሳፋሪ ስለምጭን የወንበር ልብስ ላለብስ ነው። ማሞቂያውን ይጎዳል?

ወፍራም የበግ ቆዳ ከሆነ ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል፤ እናንተ ሳይደርሳችሁ ሥር ያለው ይግላል። ቀጭን ልብስ ችግር የለውም። ዋናው ጥንቃቄ ግን ሌላ ነው፤ የወንበሩን ጎን አጥብቆ የሚሸፍን ልብስ የጎን ኤርባጉን ይከለክላል። ጎኑ ክፍት የሆነ ወይም ለኤርባግ ተብሎ የተሰፋ ግዙ። ማሞቂያው እየሠራ ብርድ ልብስ ወይም ትራስ አታንጥፉበት።

ማሞቂያ የሌለው መኪና ላይ ማስገባት ይቻላል?

ይቻላል፤ ልብሱ ሥር የሚለጠፍ ኪት ይሸጣል። ለሾፌር ወንበር ብቻ አስገቡ። የራሱ ፊውዝና ሪሌይ ይኑረው፤ ቁልፍ ሲዘጋ አብሮ የሚጠፋ መስመር ላይ ይገናኝ። ሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ የሚሰካው ምንጣፍ ዓይነት ርካሽ ነው፤ ግን መቆጣጠሪያ የሌለውን አትግዙ፣ ነቅላችሁ ውጡ።

በመኪናዬ የማሞቂያው ማብሪያ ቁልፍ አለ፣ ግን ጭራሽ አይሠራም። ተበላሽቶ ነው?

ምናልባት ኖሮት አያውቅም። በፈረንጆቹ 2021 መጨረሻ ላይ የቺፕ እጥረት ጊዜ ጄነራል ሞተርስ አንዳንድ መኪኖቹን ያለ ወንበር ማሞቂያ ነው የሸጠው። እነዚያን መኪኖች አሁን ሁለተኛ እጅ የሚገዛ ሰው ማሞቂያው የተበላሸ ይመስለዋል። ቢኤምደብሊው ደግሞ በ2022 በአንዳንድ አገሮች ማሞቂያውን በየወሩ በሚከፈል ክፍያ አድርጎት ነበር፤ ሰው በጣም ስለተቆጣ በ2023 ተወው። ሁለተኛ እጅ ስትገዙ ቁልፉን አትመኑ። አብሩት፣ አምስት ደቂቃ ተቀመጡበት፣ እጃችሁን ከላይም ከታችም አድርጉ።

የመኪናውን 17 ፊደልና ቁጥር ይዛችሁ በአሜሪካ የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ሪኮል (አምራቹ ጉድለት አግኝቶ ለጥገና የሚጠራው) እንዳለበትም እዩ። ሪኮል በነፃ ይሠራል። በ2014 ቶዮታ የወንበር ማሞቂያ ያላቸውን ካምሪና ኮሮላን ጨምሮ ስድስት ሞዴሎች ሽያጭ ለጊዜው አቁሞ ነበር፤ የማሞቂያው ጨርቅ እሳት የመቋቋም ደረጃውን አላሟላም ተብሎ። መኪናው አዲስ ከሆነም ዋስትናውን አትርሱ፤ ብዙዎቹ አምራቾች 3 ዓመት ወይም 36 ሺህ ማይል ይሰጣሉ፣ ሃዩንዳይና ኪያ 5 ዓመት ወይም 60 ሺህ። በዋስትና የሚሠራን ነገር ከኪሳችሁ አትክፈሉ።

አዲስ አበባ ነኝ። የወንበር ማሞቂያ ለእኛ ምን ያደርጋል?

የኅዳርና የታኅሣሥን ጠዋት የሚያውቅ ይህን አይጠይቅም። ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ናቸው፤ ብዙዎቹ ማሞቂያ አላቸው። ለኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ጥቅሙ ብዙ ነው። ወንበር ማሞቅ የሚፈጀው ከመቶ ዋት ያልራቀ ነው፤ የመኪናውን አየር በሙሉ ማሞቅ ግን በኪሎዋት ነው የሚቆጠረው። ወንበሩን አብርታችሁ አየሩን ብትቀንሱ ቻርጁ ይቆያችኋል።

ከቻይና የመጡት ላይ ቁልፉ በስክሪኑ ውስጥ ነው፤ ስክሪኑ በቻይንኛ ከሆነ የወንበርና የሞገድ መስመር ሥዕሉን ፈልጉ። ወንበሩም ማሞቂያውም የሚሠራው ከትልቁ ባትሪ ሳይሆን ለብቻው ካለው 12 ቮልት ባትሪ ነው። እሱ ሲደክም ወንበሩም ስክሪኑም ያልሆነ ነገር ያሳያል፤ መጀመሪያ እሱን አስለኩ። ከቢጫው በተጨማሪ እዚህ ብርቱካናማ ገመድ አለ። እሱ ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው፤ ያልሠለጠነ ሰው አይነካውም።

ከዱባይ የመጣ መኪና ላይ ቁልፉ ላይ የማራገቢያ ሥዕል ካለ የሚያቀዘቅዝ ወንበር ነው፤ የማይሞቀው ማሞቂያ ስለሌለው ሊሆን ይችላል። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ሞተር ወይም ማብሪያ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሶኬቱና የሽቦው ብዛት እኩል መሆኑን አመሳክሩ፣ እዚያው ባትሪ አስነክታችሁ ሞተሩ በሁለቱም አቅጣጫ ሲዞር ካላያችሁ አትክፈሉ። ያገለገለ ኤርባግ ግን አትግዙ።

ተሠርቶ ተመለሰልኝ። ከጋራዥ ሳልወጣ ምን ልይ?

ቁልፉን ክፈቱና የኤርባጉ መብራት በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋቱን እዩ። ካልጠፋ አትረከቡ፤ ቢጫው ሶኬት በደንብ አልተሰካም ይሆናል። ወንበሩን ይዛችሁ በሁለት እጅ ወዝውዙት፤ ከወለሉ ጋር ከተንቀጫቀጨ ብሎኑ አልጠበቀም፣ በግጭት ጊዜ የሚይዛችሁ እሱ ነው። ከዚያ ወንበሩን በሁሉም አቅጣጫ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኪዱት፤ ባትሪው ስለተነቀለ የያዘውን ቦታ ረስቶ ከሆነ እንደገና ይመዝገብ። በመጨረሻ ማሞቂያውን በከፍተኛው አብሩና አምስት ደቂቃ ጠብቁ፤ መዳፋችሁን ከመቀመጫው እስከ ጀርባው ቀስ ብላችሁ አሳልፉ። ቀዝቃዛ ቦታም፣ የሚፋጅ ቦታም መኖር የለበትም።